አረንጓዴው ለማን ቀረበ?

እሑድ ከሰዓት በኋላ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ መካከል በእግሩ የሚሄድ ሰው አንድ ትዕይንት ሳያይ አያልፍም። ሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ ፎቶ ይነሣል። እናት የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ልጆቹ ፏፏቴው ውሃ በረጨ ቁጥር ይጮኻሉ፣ አባት አበባውም ሰውም እንዲገባለት ስልኩን እያዘነበለ ይታገላል። መሽቶ መብራቱ ሲበራ ደግሞ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ይወጣል። በዚያው መንገድ ላይ የቆርቆሮ አጥርና የተሰባበረ ድንጋይ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ከተማዋ መልክ አወጣች ቢል አይፈረድበትም።

ያንኑ ቤተሰብ ትንሽ ተከትሎ የሄደ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። ፎቶው ካለቀ በኋላ ወደ ፓርኩ በር ይጠጋሉ። አባት ከጥበቃው ጋር ሁለት ቃል ይለዋወጣል፣ ቀና ብሎ የዋጋውን ሰሌዳ ያያል፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ «ሌላ ቀን እንመጣለን» ይላል። ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ ውስጡን አይተው ይመለሳሉ። ቀጥሎ ታክሲ ተራ ነው። ሰልፉ ደግሞ ረጅም ነው።

ስለ አዲስ አበባ ፓርኮች የሚደረገው ክርክር ባለፉት ስድስትና ሰባት ዓመታት በሁለት ጎራ ተከፍሎ ቆይቷል። አንዱ ጎራ ሄክታርና ችግኝ ይቆጥራል። ሌላው ጎራ ሁሉም ለታይታ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ሕዝቡ ዳቦ እያጣ አበባ ምን ይሠራለታል ይላል። የመጀመሪያው ወገን የቆጠረው ነገር በርግጥ አለ፣ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ሁለተኛው ወገን ግን ሳያስበው ድሃ አበባ አያስፈልገውም እያለ ነው፣ ይህም ከአድናቆቱ የባሰ ስድብ ነው። ግቢና ጓሮ ያለው ሰው ፓርክ ባይሄድ ጓሮው አለለት። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለስድስት የሚኖር ቤተሰብ ግን ልጁን ፀሐይ የሚያሞቀው፣ በርበሬውን የሚያሰጣው፣ ለቅሶ ሲደርስበት ድንኳን የሚተክለው፣ ቤት ሲጠበውና ሲከፋው ወጥቶ የሚተነፍሰው በጋራ ደጅ ነው። ደጅ ለእሱ ቅንጦት ሳይሆን የቤቱ ሁለተኛ ክፍል ነው።

ሁለቱም ጎራ የማያነሣው ጥያቄ አለ። ከቤቱ ተነሥቶ፣ ታክሲ ሳይሳፈር፣ በር ላይ ሳይከፍል አንድ ዛፍ ሥር ሄዶ መቀመጥ የሚችለው የትኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው?

*

የዋጋው ነገር ይቅደም።

በግንቦት 2011 «ገበታ ለሸገር» በተባለው እራት የአንድ ሰው ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ገንዘቡ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል ለተባለው የወንዝ ዳር ልማት መነሻ እንዲሆን ነው የታሰበው፤ ጠቅላላ ወጪው 29 ቢሊዮን ብር እንደሚሆን ተነግሮ ነበር። በመስከረም 2012 አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት 40 ሄክታር ግቢ ውስጥ ተከፈተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወዳጅነት አደባባይ፣ በመስከረም 2013 ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ተከተሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ተራው ሰው ከውጭ አጥሩን ብቻ ሲያይ የኖረው የምኒልክ ግቢ ለጎብኚ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነበር። ይህን ማሳነስ አይገባም።

ሆኖም አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር፣ የልዩ እንግዳ መግቢያው 1,000 ብር ነበር። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,100 ብር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጽዳት የምትሠራ ሴት ከባሏ ጋር፣ ልጅ ሳይጨምሩ፣ ልግባ ብትል 400 ብር ያስፈልጋታል፤ ይህ ከወር ደመወዟ ሲሶ በላይ ነው። የልዩ እንግዳው ትኬት ደግሞ ከእሷ የወር ደመወዝ የሚያንሰው በ100 ብር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደመወዙ ተሻሽሏል። በ2017 ዝቅተኛው 4,760 ብር፣ በ2018 ደግሞ 6,000 ብር ገብቷል። የጤፉም፣ የቤት ኪራዩም ዋጋ አብሮ «ተሻሽሏል»። በግል ድርጅት፣ በቀን ሥራ፣ በሰው ቤት ለሚሠራው ሰው ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ራሱ የለም።

አንድነት ፓርክ ሙዚየምም የእንስሳት ማሳያም ነው፣ ሙዚየም በየትም አገር ያስከፍላል ለሚል ሰው መልሱ አዎ ነው። ለቤተ መንግሥት ጉብኝት መክፈል የሚያስቀይም ነገር የለውም። ያ ትኬት ግን ሐሳብ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ በከተማው ነዋሪ አእምሮ ውስጥ ፓርክ ማለት አጥር፣ ፍተሻ፣ ትኬት፣ ካፌና የመኪና ማቆሚያ ያለው ቦታ ሆነ። እንጦጦ ላይ ዚፕላይኑ፣ ፈረሱ፣ ካፌው፣ ሁሉም የየራሱ ሒሳብ አለው። «ፓርክ እንሂድ» ሲሉት ኪሱን የሚዳብስ ወላጅ ስስታም ሆኖ አይደለም፤ በር ላይ ባይጠየቅ ውስጥ እንደሚጠየቅ ያውቃል።

ክፍያውን ደግፎ የሚነሣው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ነጻ ቦታ ባለቤት የለውም፣ ባለቤት የሌለው ነገር ይበላሻል ይባላል። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። ከዚህ በፊት የነበሩት የሕዝብ መናፈሻዎች ጥቂት የማይባሉት ቀን ቀን ጭር ብለው፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሙሽራ መኪና ሲሰለፍባቸው ነው የሚታወሱት። አጥራቸው ዘመመ፣ ወንበራቸው ተነቀለ፣ ጥጋጥጋቸው መሽኛ ሆነ። እንዲያ ከሚሆን ተከፍሎ ይጠበቅ የሚል ሰው ያየውን ነው የሚናገረው።

ይህን መከራከሪያ የሚያፈርሰው ግን ራሱ የኮሪደር ልማቱ ነው። ከቦሌ እስከ ፒያሳ በመንገዱ ዳር የተተከለው አበባ ውሃ የሚጠጣው በትኬት አይደለም። ጠዋት ጠዋት የሚኮተኩቱት፣ የሚጠርጉት፣ የሚጠብቁት ሰዎች ደመወዛቸው ከከተማው ካዝና ይከፈላል፣ ማንም በር ላይ ቆሞ አላስከፈለም፣ አበባውም አልሞተም። ከተማው ሲፈልግ ነጻ የሆነን ነገር አሳምሮ መያዝ እንደሚችል አሳይቷል ማለት ነው። መንገድ ዳር ላለው ሣር የተገኘው በጀት፣ ልጅ ለሚቦርቅበት ሣር ሲሆን ትኬት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? የመንገዱን ሣር የሚያየው ባለመኪናውና እንግዳው ስለሆነ ይሆን? ቢሆንም እንኳ እሱንም ቢሆን ማየት እንጂ መቀመጥ አይቻልም። ሣሩ ላይ አረፍ ያለ ሰው ደንብ አስከባሪ እስኪመጣበት ድረስ ነው።

*

ያለ ትኬት ለዘመናት የኖረ ቦታ ማየት የፈለገ ጃንሜዳ ይሂድ። ጠዋት ሯጩ ይሮጥበታል፣ ከሰዓት ኳስ ተጫዋቹ ይራገጥበታል። ለገና የገና ጨዋታው፣ ለጥምቀት ታቦታቱና ሕዝቡ ያድሩበታል። አገር አቋራጭ ሩጫው ለዓመታት ሲደረግ የኖረው እዚያ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሬቱ መኖሩ ብቻ ነው። ዚፕላይን የለውም፣ ፏፏቴም የለውም፣ የከተማው ድሃና ሀብታም ግን ተጋፍቶ የሚቆምበት ሜዳ ነው።

በ2012 ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ የሄደው ጃንሜዳ ነበር። የወረርሽኝ ጊዜ ነው፣ ሰው ማራራቅ ያስፈልግ ነበር፣ ውሳኔውን መረዳት ይቻላል። ክረምቱ ሲመጣ ግን ሜዳው ጭቃና የበሰበሰ ጎመን ሆነ። ስፖርተኛው ተሰደደ፣ ምእመኑ ታቦቱ የት ሊያድር ነው ብሎ ተጨነቀ። በመጨረሻም ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ለ2013 ጥምቀት ደረሰ። ጃንሜዳን ያዳነው ጥምቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታቦት የሚያድርበት ባይሆን ኖሮ ማን ይከራከርለት ነበር?

ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። በማዘጋጃ ቤት ቋንቋ አጥር፣ ሕንፃና ትኬት የሌለው መሬት «ባዶ ቦታ» ይባላል። ሃምሳ ልጅ ኳስ እየተራገጠበት ባዶ ነው። የእድር ድንኳን በየወሩ እየተተከለበት ባዶ ነው። ባዶ የተባለ ቦታ ደግሞ ቀን የሚጠብቅ ቦታ ነው፤ ወይ ለሊዝ ይወጣል፣ ወይ ለጥቃቅንና አነስተኛ ሼድ ይሠራበታል፣ ወይ ለመኪና ማቆሚያ ይሰጣል።

በአዲስ አበባ ያደገ ጎልማሳ ሁሉ የሰፈሩን ሜዳ ስም ያውቃል። ሁለት ድንጋይ ጎል ነበር። የካልሲ ኳስ፣ ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ የክረምት የሰፈር ለሰፈር ውድድር፣ ከውድድሩም በኋላ የሚነሣው ጠብ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። የአገሪቱ እግር ኳስ ተጫዋቾች የወጡት ከነዚያ ሜዳዎች ነው እየተባለ ሁልጊዜ ይነገራል። ዛሬ ያንን ሜዳ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ፎቅ ነው። አንድ ፓርክ ሲከፈት ሪባን ይቆረጣል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል፣ ሄክታሩ ይነገራል። አንድ የሰፈር ሜዳ ሲጠፋ ግን ዜና የለውም። በየትኛውም የአረንጓዴ ልማት ሪፖርት ላይ «በዚህ ዓመት የጠፉ ሜዳዎች» የሚል መስመር ታይቶ አይታወቅም። ገቢው እየተመዘገበ ወጪው የማይመዘገብበት ሒሳብ ደግሞ ሁልጊዜ ትርፍ ያሳያል።

እርግጥ በየወረዳው ሰው ሠራሽ ሣር ያላቸው ሜዳዎች ተሠርተዋል። ጥሩ ናቸው፣ ጉልበት አያቆስሉም፣ ማታም መብራት አላቸው። በሰዓት የሚከራዩ ግን አሉባቸው፤ ሥራ ያለው ወጣት ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ ይጫወታል፣ የአሥር ዓመቱ ልጅ ግን ሽቦውን ይዞ ያያል። ሴት ልጆችም፣ አዛውንቶችም፣ በዊልቸር የሚሄዱ ሰዎችም በዚያ ሜዳ ሐሳብ ውስጥ ብዙ ቦታ የላቸውም። በዚህ በኩል የኮሪደሩ ብርሃን የሚመሰገን ሥራ ሠርቷል፤ ማታ ከሥራ የምትመለስ ሴት ዛሬ በእነዚያ መንገዶች ስትሄድ እንደ ድሮው ዙሪያዋን እየገላመጠች አይደለም።

*

ከዋጋው የከበደው ነገር ግን ርቀቱ ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባን አሰፋፈር ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ይህች ከተማ ስትቆረቆር መሬቱ የተሰጠው ለመኳንንቱ ነበር። ራሱ ወይም ደጃዝማቹ ኮረብታው ላይ ግቢውን ይሠራል፤ ወታደሩ፣ ሎሌው፣ ባለሙያው፣ ጠጅ ጣዩ በዙሪያው ይሰፍራል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኰንን፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። ይህ አሰፋፈር ፍትሐዊ ነበር ማለት አይደለም፣ አሽከርና ጌታ ነው የነበረው። ሆኖም ድሃና ሀብታም በአንድ መንገድ ይወጡ፣ በአንድ ወንዝ ይሻገሩ ነበር። የነጭ ሰፈርና የጥቁር ሰፈር ተብለው በካርታ እንደተከፈሉት የቅኝ ግዛት ከተሞች አልነበረም። የደርግ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ደግሞ በጥቂት ብር የሚከራየው የቀበሌ ቤት ድሃውን መሐል ከተማ ላይ አቆየው። ቤቱ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ወንዙ ክረምት ሲሞላ ደጃፍ ይደርሳል። ነገር ግን ሥራው በእግር ነው፣ ትምህርት ቤቱ በእግር ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ በእግር ነው።

ድሃው በብዛት የሰፈረው በወንዞቹ ዳር ነበር። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡ፣ ቀጨኔ። ሌላው ሰው የማይፈልገው መሬት ስለነበረ ነው። ሽታው ከባድ ነበር፣ ጎርፉ ሰው ይወስድ ነበር። አሁን ያ መሬት ጸዳ፣ ተደገፈ፣ ሣር ለበሰ፣ የእግር መንገድ ወጣለት። ሽታውን ለአርባና ሃምሳ ዓመት የታገሠው ሰው ግን ሣሩ ሲበቅል እዚያ አልነበረም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ጠርዝ ሄደዋል፤ ከካዛንቺስ ብዙዎቹ የተዛወሩት በደቡብ ጫፍ ወዳለው ገላን ጉራ ነው።

የተዛወሩት ሰዎች ሁሉ ተጎዱ ማለት እውነቱን ማዛባት ነው። የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ወጥ ቤት፣ የማያፈስ ጣሪያ ያገኘ ሰው ብዙ ነው፤ በአንዳንድ መንደሮችም የልጆች መጫወቻና ሱቅ አብሮ ተሠርቷል። ነገር ግን ከዕለት ጉርሳቸው ጋር የተያያዘው ቅርበት ቀርቷል። ካዛንቺስ ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት ደንበኛዋ ካዛንቺስ ነው። አሁን ለመምጣትና ለመመለስ በቀን ሁለትና ሦስት ታክሲ ትይዛለች፤ ልጇን ይዛ እሑድ ተመልሳ በድሮ ሰፈሯ ሣር ላይ ልትቀመጥ ብትፈልግ የታክሲው ሒሳብ ብቻውን የመግቢያ ትኬት ነው። እንግዲህ ለእሷ በወንዙ ዳር ያለው ፓርክ ነጻ ነው ቢባል ምን ማለት ነው?

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለው። አንቀጽ 44 ሁለት ንዑስ አንቀጾች ብቻ ናቸው ያሉት። የመጀመሪያው ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ሁለተኛው መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀመጧቸው በአጋጣሚ ይሁን በጥንቃቄ፣ ዛሬ ሲነበብ ለአዲስ አበባ የተጻፈ ይመስላል። ንጹሕ አካባቢ ለመፍጠር የተነሣ ሰው ወደ ንጹሕ አካባቢ መዛወር አለበት። ማካካሻውም በካሬ ሜትርና በክፍል ቁጥር ብቻ የሚለካ ከሆነ፣ ወንዝ ዳር ጥሎት የመጣው ዋርካና ጓሮ የትም አልተቆጠረም።

ሌላ አገር ይህን ርቀት በሜትር ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ አፍሪካ ከተሞች ላይ የታተመ አንድ ጥናት ነጮች በብዛት የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ከሌሎቹ ይልቅ ለሕዝብ ፓርክ በአማካይ በ700 ሜትር እንደሚቀርቡ፣ የዛፍ ሽፋናቸውም እንደሚበልጥ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ነገሩን «አረንጓዴ አፓርታይድ» ብለውታል። አፓርታይድ በሕግ ከተሻረ ሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ዛፎቹ ግን በቀድሞው ካርታ መሠረት ቆመው ይገኛሉ። ዛፍ ለማደግ ሃምሳ ዓመት ይፈልጋል፤ ዛሬ በየት በኩል እንደሚተከል የሚወሰነው ውሳኔ የልጅ ልጆች የሚኖሩበት ካርታ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ የዘር ካርታ አልነበራትም። አሁን ግን በገቢ የተከፈለ ካርታ በገዛ እጇ እየሣለች ነው፦ መሐሉ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ኮንክሪት።

ጠርዙን ለማየት ኮንዶሚኒየም መግባት ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ። የአገሪቱ የከተማ ፕላን መርሕ 30 በመቶው መሬት ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። በኮንዶሚኒየሞቹም በሕንፃና በሕንፃ መካከል ክፍት ቦታ ተትቷል። ያ ቦታ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። መኪና ያለው ነዋሪ መኪናውን አቆመበት። ቀጥሎ የተደራጁ ወጣቶች መጥተው የማቆሚያ ሒሳብ መሰብሰብ ጀመሩ። ኮንቴይነር ሱቅ ገባ። ልብስ ማስጫው ገመድ ተዘረጋ። በአንዳንዱ ብሎክ ነዋሪዎቹ ራሳቸው አዋጥተው ጽድና አበባ ተክለዋል፣ አጥር አጥረው ቁልፍ አድርገውበታል፣ ልጆቻቸው እንዳይረግጡት። ለምን ቆለፋችሁት ቢባሉ መልሳቸው አጭር ነው፤ ካልተቆለፈ መኪና ይቆምበታል።

*

እንጦጦ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር አለ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ጀምሮ ያ ተራራ የድሃ ሴቶች መሥሪያ ቤት ነበር። ከ30 ኪሎ በላይ ቅጠልና ጭራሮ ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ያ ሥራ ማንም ለልጁ የሚመኘው አይደለም፣ ቢቀር ደግ ነው። ፓርኩ ሲሠራ ከእነሱ ውስጥ የሥራ ዕድል ያገኙ መኖራቸው ተነግሯል፤ ይህ በትክክል መሆን ያለበት ነው። ይሁን እንጂ ከተራራው በታች ዛሬም ምጣድ በእንጨትና በቅጠል የሚያሰማ ቤት አለ። በመካኒሳና በጎፋ በኩልም በወንዝ ዳር ሰላጣና ጎመን ሲያመርቱ የኖሩ ገበሬዎች አሉ። ውሃው ቆሻሻ መሆኑ እውነት ነው፣ በልቶ መታመምም አለ። ግን ያም አረንጓዴ ነበር። ለሀብታሙ አረንጓዴ የሚያርፍበት ነው፣ ለድሃው ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ነው፤ ፕላን የሚያወጣው ቢሮ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻም አይደለም። ቢሾፍቱ ሐይቆቿ የታወቁ ናቸው፣ ከተማው ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን ወደ ብዙዎቹ የሐይቅ ዳርቻዎች የሚገባው በሪዞርት በር ነው። ሐዋሳ በዚህ ትሻላለች፤ ፍቅር ሐይቅ ላይ ማንም ሰው ቆሎውን ይዞ ሐይቁን እያየ በእግሩ ይሄዳል፣ ለዚህም ይመስላል ከተማዋን የጎበኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን የሆነው።

ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1989 ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊቆም ታቅዶ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ ብቻቸውን ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ፤ በፓርላማ ተሰደቡ፣ ድርጅታቸው ከቢሮው ተባረረ። በመጨረሻ ባለሀብቶቹ ሸሹ፣ ሕንፃው ቀረ። ዛሬም የናይሮቢ የቀን ሠራተኛ ምሳ ሰዓቱን ሣሩ ላይ ተጋድሞ ያሳልፋል። ኡሁሩ ፓርክ «ባዶ ቦታ» ነበር፤ አንዲት ሴት ባዶ አይደለም ስላሉ ነው የተረፈው።

*

ይህን ሁሉ ለማስተካከል የሚያስፈልገው ሌላ 29 ቢሊዮን ብር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ለከተሞች ያቀረበው ምክር ቀላል ነው፦ ማንኛውም ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ማለትም በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሆን አረንጓዴ ቦታ ይኑረው። ግማሽ ሄክታር ከአንድ የኳስ ሜዳ ያንሳል። ለዚያ ዚፕላይን አያስፈልግም። ጥላ ያለው ዛፍ፣ መቀመጫ፣ የውሃ ቧንቧና የሚጠርግ ሰው ይበቃል። የሚጠርገው ሰው ደመወዝ ከአንድ የፏፏቴ ሞተር አይበልጥም።

የቀሩት የሰፈር ሜዳዎች ዛሬ ነገ ሳይባል በየወረዳው ተለክተው ካርታ ሊወጣላቸው ይገባል፤ በስማቸው፣ ልጆቹ በሚጠሯቸው ስም። ካርታ ያለው ቦታ «ባዶ» አይባልም። በትኬት የሚገቡት ትልልቅ ፓርኮችም በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ሥራ የሌለበትን እሑድን እንጂ ማክሰኞን ሳይሆን፣ በነጻ ሊከፈቱ ይችላሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ መታወቂያውን አሳይቶ ቢገባ የሚጎድል ገቢ የለም፤ አሁንም አይገባማ። አዲስ የመልሶ ማስፈሪያ መንደር ደግሞ ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ዛፉ ይተከል። ለመንገድ ዳር ያደገ ዘንባባ በመኪና እየተጫነ መጥቶ በአንድ ሌሊት ሲተከል ታይቷል። ገላን ጉራም መንገድ አለው።

ከዚያ በፊት ግን መለካት ያስፈልጋል። የከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ ክረምት መግቢያ ላይ በጀት ያጸድቃል፤ የአረንጓዴ ልማቱ ሪፖርት በሄክታርና በሚሊዮን ችግኝ ይነበባል፣ ይጨበጨባል። አንድ የምክር ቤት አባል እጁን አውጥቶ፣ ከቦሌ አራብሳ መጨረሻ ብሎክ ተነሥታ የምትሄድ የሰባት ዓመት ልጅ ነጻ የሆነ ሣር እስክታገኝ ስንት ሜትር ትሄዳለች ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ በየትኛው ቢሮ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል?